ጥለት የለበሰ ገመድ

በስንብቴ ቀን ኬክ ተቆርሶ፣ ጋቢ ተደርቦልኝ፣ «እትዬ አስካለች፣ እስቲ አንድ ነገር ይበሉን» ሲባል ተነሥቼ ቆምኩ። ሁሉም ሆድ የሚያባባ ንግግር ይጠብቃል። የእኔ ዓይን ግን ከወዲያ ማዶ ከወርቅነሽ ጠረጴዛ ላይ አልነሣ አለኝ።

«የእርሳስ ማቅለጫው ካውያ ተነቅሏል?» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወርቅነሽ ከእኔ ጋር አብራ ያረጀች የሥራ ጓደኛዬ ናት። እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ «አንቺ ሴትዮ፣ መቃብር ወርደሽም ስለ ሶኬት ትጠይቂናለሽ!» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። አልተነቀለም ነበር።

እኔ እንዲህ ነኝ። ከቤት ስወጣ በሩን ቆልፌ፣ ተመልሼ ገፍቼ አይቼ፣ መንገድ ላይ ደግሞ «ቆልፌዋለሁ ወይ?» ብዬ የምጨነቅ ሰው ነኝ። ፍርሃቴ በቂርቆስ ሰፈር የታወቀ ነው። ባለቤቴ ደምሴ፣ «አስካለች ገነት ብትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ነው» ይላል። እንዲህ ያለች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በኤሌክትሪክ ዕቃ መሐል መኖሯ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። ልጄ ሚሚ ግን፣ «እማ፣ ቀልድ አይደለም፤ ጻፊው» አለችኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

የሠራሁት ካዛንቺስ ነው። ዛሬ ቦታው ተነሥቶ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ያኔ ግን ከሱቆቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር መሐል በምታስገባ ቀጭን መንገድ መጨረሻ ላይ አንድ የመብራት ወርክሾፕ ነበር። የራስጌ መብራት፣ የሳሎን መብራት፣ የሆቴል መተላለፊያ መብራት ይሠራበታል። ባለቤቱ ጋሽ ታምራት ይባላሉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። እኔ የገባሁት በልብስ ስፌት ነው። የመብራቶቹን የጨርቅ ቆብ እሰፋ ነበር። ደመወዙ ለታክሲ ስለማይተርፍ ከቂርቆስ በእግሬ እመላለሳለሁ። ስለ ደመወዝ ይኸው ይበቃል። የጡረታ ፎርም ይዤ የተንከራተትኩትንም ባላነሣው ይሻላል። ስለ ጋሽ ታምራት ግን ላውራ።

ጋሽ ታምራት ትራንስፎርመር በእጃቸው ሲጠመጥሙ ያረጁ ሰው ነበሩ። የሚያጠራጥር ሽቦ ከመንካታቸው በፊት ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። «ሁለት እጅ ከሰጠሽው ኮረንቲው በደረትሽ ያልፋል» ይሉኛል። ገመድ ወደ መብራቱ ሲገባ ከውስጥ በኩል ሳይቋጥሩት አያልፉም። ሰው ቢጎትተው ቋጠሮው እንዲይዝ፣ የተበየደው ጫፍ እንዳይበጠስ ነው። «ሰው ይጎትታል። አይጎትትም ብለሽ አትሥሪ» ይላሉ። ያለቀለትን መብራት አብርተው ምሳቸውን ይበላሉ። ምሳው ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ያስጠጉታል። እጃቸውን አይደለም፣ ጉንጫቸውን ነው። የሠራተኛ እጅ ደንድኗል፣ ትኩሳት አያውቅም፤ ጉንጭ ግን አይደነድንም ባይ ናቸው። የእሳቸው ጉንጭ ያልወደደው መብራት ከበሩ አይወጣም። ወርቅነሽ ቀስ ብላ፣ «ሚስታቸውን እንኳ እንደዚህ ተጠግተው ስመዋት አያውቁም» ስትለኝ መርፌ ይወጋኝ ነበር፣ ከሳቅ ብዛት።

ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ነጋዴ «ምን ዓይነት ይሁንልዎ?» እንደሚለው አይሉም። የእሳቸው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። «ማን ነው የሚነካው?»

አንድ ቀን ከኡራኤል በኩል አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣች። «ማን ነው የሚነካው?» አሏት።

«ይሄ ነዋ!» ብላ ትከሻዋን ወዘወዘች። «ሌሊት ሳጠባው ደብዘዝ ያለ መብራት ፈልጌ ነበር። ግን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ልጅ ቢነካው የማይጎዳ መብራት አላችሁ?»

ይህን ስትል ልጁ ከጀርባዋ እጁን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ የተሰካ ገመድ ያዘ። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ ጮህኩ። ልጁ ደንግጦ ለቀቀው፤ ከዚያ አለቀሰ። እናቲቱም ልታለቅስ ደረሰች።

«እንዲህ ያለ መብራት የለንም» አሏት ጋሽ ታምራት። አመስግና ሄደች።

እሷ ሄደች፤ እኔ ግን ሥራዬ ላይ መሆን አቃተኝ። ሚሚ ያኔ ገና ዳዴ ትላለች። በስተርጅና፣ ብዙ ደጅ ጠንተን ያገኘናት ልጅ ናት። ለእሷ ስል የቤቴን ሶኬቶች በሙሉ በፕላስተር አሽጌያቸዋለሁ። ደምሴ ሬዲዮ ለመስማት መጀመሪያ ፕላስተር መላጥ አለበት። ቀኑን ሙሉ ለሰው የራስጌ መብራት እየሠራሁ በራሴ ቤት አንድም አላስገባሁም።

«ጋሽ ታምራት፣ እንዲህ ያለ መብራት አይሠራም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«አይሠራም አላልኩም። የለንም ነው ያልኩት።» ተነሥተው ከጓዳ አንድ የመኪና ባትሪ አመጡና ፊቴ አስቀመጡ። «ንኪው።»

«ምኑን?»

«ሁለቱንም ጫፍ፣ ባንዴ።»

«በእመቤቴ! ልጅ አለኝ እኮ፣ ጋሽ ታምራት!»

«ሚሚን እኔ አሳድግልሻለሁ፤ ንኪው!» አለች ወርቅነሽ ከወዲያ።

ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁት። ጮህኩ። ከዚያ ዓይኔን ገለጥኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ጮህሽ?»

«እንዳይቀድመኝ ብዬ ነዋ።»

ሳቃቸውን ጨርሰው አስረዱኝ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይጥላል። ይህ 12 ቮልት ነው፤ በደረቅ እጅ ብትይዢው አይሰማሽም። ሽቦ ከሽቦ ከተነካካ ግን ይግላል፣ እሳትም ያስነሣል። «እንግዲህ ፍርሃትሽን ከሰው ላይ አንሺና ሽቦው ላይ አድርጊው። ፍርሃት ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቦታውን ካወቅሽለት» አሉኝ። በሕይወቴ ፍርሃቴን ያመሰገነልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፦ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ እናት የማትሰጋበት መብራት መሥራት።

አምፖሉ ቀላል ነበር። ያኔ እንደ ሪባን ተጠቅልላ የምትሸጥ፣ በ12 ቮልት የምትበራ ኤልኢዲ ገበያ ገብታለች። እንደ ጨርቅ በመቀስ ትቆረጣለች፤ ይህ ለእኔ ተስማማኝ። ያስቸገረኝ ሙቀቷ ነው። ብዙ የማትሞቅ ብትሆንም ተጠቅልላ አንድ ቦታ ስትታፈን ትግላለች። ከአሮጌ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ክብ ቆርጬ፣ ሪባኗን እዚያ ላይ ለጠፍኩ። ክዳኑ ሙቀቱን ተቀብሎ ይበትነዋል። ቆቡን ደግሞ በጨርቅ አልሠራሁትም። ልጅ ይቀደዋል፣ ይልሰዋል። በስንደዶና በአክርማ ሰፋሁት፣ እንደ ሙዳይ አድርጌ። ግን ሙዳይ ሲሰፋ ወስፌው ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚገባው፤ እኔ አሳሳሁት፤ ብርሃኑ በስፌቱ መሐል እንዲያልፍ። መጀመሪያ የሠራሁት ሲበራ ጣሪያው ላይ ወንፊት መሰለ። ሁለተኛው አንድ ጎኑ ጨለማ ሆነ። ስፌቱን ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ እየሳሳ እንዲሄድ ሳደርገው ነው ብርሃኑ ለስልሶ የወጣው። ጋሽ ታምራት ምሳቸውን በሉ፤ ጉንጫቸውን አስጠጉ። ብዙ ቆዩ። «ይሄ ሞቋል አልልም፤ ይሄ ነቅቷል ነው የሚባለው» አሉ።

220ውን ወደ 12 የሚያወርደው አዳፕተር ግድግዳው ላይ ይሰካል። ከእሱ በቀጭን ጥቁር ገመድ ወደ መብራቱ የሚመጣው 12 ብቻ ነው። ልጅ ገመዱን ቢያኝከው እንኳ አይገድለውም። አለቀ፣ ደቀቀ፣ አልን።

የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ የመጣው ከወሎ ሰፈር፣ ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሰብለ ቀጠን ያሉ፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናቸው። ልጆቹ ከምሳ በኋላ የሚተኙበት ክፍል መስኮት ላይ አዲስ ፎቅ ተደቅኖ ክፍሉ በቀትር ጨልሟል። ትልቁን መብራት ካበሩት ልጆቹ አይተኙም፤ ካጠፉት ያለቅሳሉ። የእኛን መብራት ሲያዩ ደስ አላቸውና ለክፍሉ የሚበቃ አዘዙ። እኔ ሰፋሁ፣ ወርቅነሽ በየደች፣ ጋሽ ታምራት እያንዳንዱን በጉንጫቸው አሳለፉ። ያስረከብን ቀን ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ደስታው አልሰነበተም። ወይዘሮ ሰብለ ደወሉ። «መብራታችሁ ፈነዳ» አሉ። «ልጆቹ ክፍል ውስጥ ነው የፈነዳው። እግዚአብሔር አውጥቷቸዋል፤ ገና እየገቡ ነበር።»

ጋሽ ታምራትና እኔ ስንደርስ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የአንዱ መብራት ገመድ ተቃጥሎ ግድግዳው ላይ ጥቁር ምላስ የመሰለ ምልክት ትቷል። የሰፋሁት ቆብ ጫፉ ጠቁሯል። ማንም አልተነካም። ግን አንዲት ትንሽ ልጅ ከመምህርቷ ቀሚስ ሥር ሆና እኔን ሳይሆን የያዝኩትን መብራት እያየች ታለቅስ ነበር። መብራቱን ከኋላዬ ደበቅሁት።

ምክንያቱ ወዲያው ታወቀ። የገመዱ ጫፍ ተቆርጦ ተራ የግድግዳ ስፒና ገብቶለታል። የ12 ቮልቱ መብራት በቀጥታ 220 ጠጥቷል። ያደረጉት የግቢው ዘበኛ ጋሽ ሸምሱ ናቸው።

«እንግዲህ ጥፋቱ የእናንተ እንዳልሆነ ገብቶኛል» አሉ ወይዘሮ ሰብለ። «ግን እኔ ግቢ ውስጥ ዘበኛ አለ፣ ጽዳት አለ፣ ሞግዚት አለ። ሁሉም ይነካዋል። ይሄ መብራት ለልጅ አይሆንም። ሁሉንም ውሰዱልኝ።»

በካርቶን ሞልተን ይዘናቸው ተመለስን። «ለልጅ አይሆንም» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ለልጅ ካልሆነ ለማን ልሠራው ኖሯል? ለሳሎን ማጌጫ? እሱማ ከድሮም ነበረን።

ወርቅነሽ ተናድዳለች። «ዘበኛው ነዋ! ማን ቁረጥ አለው? እጁን ይቁረጡት!»

ጋሽ ታምራት ግን፣ «ሰውየው ምን ሠራ?» አሏት።

«ገመድ ቆረጠ!»

«ገመድ የማይቆርጥ ዘበኛ አሳዪኝ። በዚህ ከተማ ገመድ ያልቆረጠ ባል አለ?» ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለች፣ ሰውየውን ሄደሽ ጠይቂው። ለምን እንደቆረጠ ሳናውቅ አንዲት ስፌት እንዳትሰፊ።»

ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱን በሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ቤት አገኘኋቸው። ረጋ ያሉ የስልጤ ሰው ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ክፍሎቹ እንዳይጠጉ ተብለው ፊታቸው ጠቁሯል። ስገባ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

«እኔ እኮ፣ ወላሂ፣ ለልጆቹ ብዬ ነው» አሉኝ። «መብራት በሄደ ቁጥር ያለቅሳሉ። ይሄን ለቅሶ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማው እኔ ነኝ። ቤቴ ያለችው የቻይና መብራት ቻርጅ ትደረጋለች፣ ትነቀላለች፣ ትበራለች። የናንተም ስትመጣ ጥቁር ሳጥን አላት። አሃ፣ ይሄ ቻርጀሯ ነው አልኩ። ስትሰካ ዋለች። ነቀልኳት፤ ጠፋች! በቃ፣ ቻርጀሩ አይሠራም ማለት ነው ብዬ ቆርጬ ጣልኩትና በስፒና ሰካኋት።»

ዙሪያዬን አየሁ። የሬዲዮናቸው ገመድ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ተቀጥሏል። የሻይ ማፍያቸው ገመድ በሌላ ገመድ ረዝሟል። እዚያች ቤት ውስጥ ያልተቆረጠ ጥቁር ገመድ የለም። ሰውየው ሞኝ አይደሉም። ሁላችንም በየቤታችን የምናደርገውን ነው ያደረጉት።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ የፈለጉት መብራት ሲሄድም የሚበራ ነበር?» አልኳቸው።

«ታዲያ ልጅ የሚፈራው መቼ ነው? መብራት ሲሄድ አይደለም እንዴ?»

ከእኔ የተሻለ አውቀውታል አልልም፤ እኔ ያላየሁትን ግን እሳቸው አይተዋል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ መብራት ሠርቼ ለልጅ ሰጠሁ።

በዚህ ሐሳብ ተውጬ ታክሲ ተሳፈርኩ። ኡራኤል ስደርስ ሌላ ሰው ለማሳለፍ ወረድ ብዬ ልመለስ ስል ረዳቱ እኔን ከውጭ ትቶ «ሳበው!» ብሎ በሩን ዘጋ። የነጠላዬ ጫፍ በሩ ውስጥ ቀረ። ሾፌሩ የሚገርም ችኩል ነው፤ ቅድም ለሽማግሌ እንኳ በወጉ አልቆመም። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ታክሲው በሙሉ ባንድ አፍ ጮኸ። «ጥለቱ! ጥለቱን! ቁም አንተ!» ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ወረደና፣ ጥለቱን በሁለት ጣቱ እንደ ጫጩት አንሥቶ አወጣልኝ። አራግፎ ሰጠኝ። «ምንም አልሆነም፣ እማ። ጥለት ከተበጠሰ እኮ ያሳዝናል» አለ።

እኔ ልያዝ እችል ነበር፤ ስለ እኔ የጠየቀ የለም። ለሰው ያልቆመ ታክሲ ለጥለት ቆመ። ነጠላ ሲያልቅ እንኳ ጥለቱ ተፈትቶ ለሌላ ነጠላ ይተርፋል እንጂ ማን በመቀስ ይቆርጠዋል? እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወደ ካዛንቺስ እየሮጥኩ ሄድኩ። እኔ መንገድ ስሻገር እንኳ ሮጬ አላውቅም።

«ጥቁር ስለሆነ ነው የሚቆርጡት!» አልኩ ገና በሩን ሳልዘጋ። «ጥቁር ገመድ ማንም ይቆርጠዋል። ጥለት እናልብሰው!»

ወርቅነሽ፣ «ይቺ ሴትዮ ነካት፤ ያ ባትሪ ገና ዛሬ ነው የያዛት» አለች። ጋሽ ታምራት ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት። እሳቸው መነጽር ከጠረጉ ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

አዲሱን መብራት አብረን ሠራነው። እሳቸው ለሽቦው፣ እኔ ለሰው። መቀመጫው ውስጥ ትንሽ ደረቅ ባትሪ አስገባን። መብራት ሲኖር ትሞላለች፤ ሲሄድ ሥራውን ትረከባለች። ክብደቷ ደግሞ ከታች ስለሆነ ልጅ ቢገፋው መብራቱ ወዝወዝ ብሎ ይመለሳል እንጂ አይወድቅም። ገመዱ ወደ መቀመጫው በሚገባበት ላይ ቀጭን ፊውዝ አደረጉበት፤ ከልኩ ያለፈ ሲመጣ ራሷን አቃጥላ በሩን የምትዘጋ። እኔ ከሽሮ ሜዳ ቀጠን ያለ ጥለት አስመጥቼ ገመዱን በቁመቱ ሙሉ አለበስኩት። ስፌቱ በአንድ ጎን ተደብቆ እንዲሄድ፣ ገመዱም ሲታጠፍ ጥለቱ እንዳይሸበሸብ ብዙ ደከምኩ፤ ፈትቼ የሰፋሁበት ቀን ይበዛል። ሲያልቅ ገመድ መሆኑ ይረሳል።

«አሁን ጠላቱን እንጥራው» አሉ ጋሽ ታምራት።

ጋሽ ሸምሱ መጡ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ፍርድ ቤት የተጠሩ መስሏቸው ነበር መሰለኝ። ጋሽ ታምራት መብራቱን፣ መቁረጫ ፒንሳና አንድ ስፒና ፊታቸው አስቀመጡ። «ወንድሜ ሸምሱ፣ ቤትህ ነው በል። እንደልብህ አድርገው» አሏቸው። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን ይዣለሁ።

ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ አዳፕተሩን ነቀሉት። መብራቱ አልጠፋም። «አልሐምዱሊላህ! ይኸው! እኔ ይሄን ነበር ያልኩት!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። አገላበጡት። ገፉት፤ ተመለሰ። ከዚያ ፒንሳውን አነሡ። ገመዱን ያዙት። በጣታቸው ዳሰሱት። ፒንሳውን መልሰው አስቀመጡት።

«ቁረጠዋ» አሉ ጋሽ ታምራት።

«ይሄን?»

«ስፒና እንድታስገባበት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥለት ነው። የሰው ልፋት ነው። እንዴት አድርጌ ነው የምቆርጠው?» ወደ እኔ ዞሩ፤ የተቆጡ ይመስላሉ። «እቴ፣ አንቺም ተቆረጠ ስትባዪ ዝም ትያለሽ?»

ጋሽ ታምራት ፒንሳውን ተቀበሏቸውና ራሳቸው ቆረጡት። ሆዴን የቆረጡት ያህል ነው የተሰማኝ። ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ስፒናውን አስረው፣ «ራቁ» ብለው ግድግዳው ላይ ሰኩት። «ጠቅ» የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ፊውዟ ሞተች። ጭስ የለም፣ እሳት የለም። መብራቱ ባትሪው ላይ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ይበራል፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው። ወርቅነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ «ማን ወለደ?» ብሎ ብቅ አለ። «አስካለች!» አለችው።

ወይዘሮ ሰብለ ዘንድ ስንሄድ እንዲህ ቀላል አልሆነም። ጋሽ ታምራት ስለ ፊውዙ፣ ስለ ባትሪው በሚገባ አስረዷቸው። በጥሞና ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ እናት ነዎት?»

«ነኝ።»

«ልጅዎን ከዚህ መብራት ጋር ትተው ይሄዳሉ?»

«እኔ ልጄን ከትራስ ጋርም ትቼ አልሄድም» አልኩ። ውሸት አልችልበትም። ጋሽ ታምራት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ግን ትናንት ትቻት ወጣሁ» አልኩ። «መብራቱ ራስጌዋ ነበር፤ አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። መረጥኩ፣ ተከራከርኩ፣ ገዛሁ፣ ከጎረቤት ጋርም አወራሁ። ቤቴ በር ላይ ስደርስ ነው ሳልሰጋ መቆየቴ ትዝ ያለኝ። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።»

ወይዘሮ ሰብለ ብዙ አዩኝ። እሳቸውም እናት ናቸው። «አንድ አስቀምጡልኝ» አሉ። «ለአንድ ሳምንት ልየው።»

ሳምንቱ ሳያልቅ ደወሉ። ሌሎቹንም አምጡ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው። መብራቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደ እናቶች ቤት ገባ፤ ደምበል አካባቢ ያሉ ሱቆችም ጠየቁን። ልብስ ሰፊ ሆኜ በገባሁበት ቤት የመብራት ንድፍ አውጪ ተብዬ ብዙ ሴቶች አሠለጠንኩ። ሁሉንም መጀመሪያ የማስተምራቸው መፍራትን ነው። ጋሽ ታምራት ሲያርፉ ወርክሾፑን ልጃቸው ተረከበ። ሰፈሩ ሲነሣም ዕቃችንን ይዘን ተነሣን፤ ሥራው አልተቋረጠም። ከዚህ ሁሉ አንድ ቀን ምረጪ ብባል ግን የምመርጠው መብራቶቹ በሙሉ ወደዚያ ክፍል የተመለሱበትን ቀን ነው።

ከምሳ በኋላ ነበር። ወይዘሮ ሰብለ፣ ጋሽ ሸምሱና እኔ በሩ ላይ ቆመናል። ጋሽ ሸምሱ ወደ ክፍሎቹ እንዲጠጉ ያን ቀን ተፈቅዶላቸዋል። መምህርቷ ትልቁን መብራት አጠፋች። የእኛዎቹ በየፍራሹ መሐል ወለሉ ላይ ቀሩ፤ ብርሃናቸው ከታች ወደ ላይ እየሳሳ። ልጆቹ ትንሽ ተንጫጩ፣ ተገላበጡ፣ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ያቺ በፍንዳታው ቀን ስታለቅስ ያየኋት ትንሽ ልጅ ግን አልተኛችም። በጎኗ ሆና ከአጠገቧ ያለውን መብራት ትመለከተዋለች። እጇን ዘረጋች። መለሰችው። ደግሞ ዘረጋች። በአንድ ጣቷ ነካችውና እጇን አየችው። ከዚያ በመዳፏ ነካችው። በመጨረሻ በሁለት እጇ ጎትታ ወደ ፍራሿ አስጠጋችውና እንደ አሻንጉሊት አቀፈችው። ብርሃኑ በጣቶቿ መሐል ይወጣል፤ ዓይኖቿ ቀስ ብለው ተከደኑ።

ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልግባና ልቀበላት?» አሉኝ በሹክሹክታ። ወይዘሮ ሰብለም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ይተዋት» አልኩ። «ተኝታለች።»